ትርፍ ኪሎ

በቀትር ድሬ ላይ አየሩ ይሳሳል፣
አውሮፕላን እንኳን ምርኩዝ ያጣ ይመስላል።
የነፋስ ማሳያው ከረጢት አንገቱን ደፍቶ፣
እንደ ጫኝ ሠራተኛ ከምሳ በኋላ ተኝቶ።
አብራሪው «ቀንሱ» ይላል፤
የሚቀነሰውን የምለይ እኔ ነኝ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ያቆመኝ፣
የሰው ትርፍ ኪሎ እንጀራ የሆነኝ።

«ሃያ ነበር ልኩ፣ ሃያ ሦስት ሆኗል» —
ያኔ ሻንጣ ይፈታል።
ሙሽባክ በጋዜጣ፣
ለአማት የታሰበ ግማሽ ዘንቢል ጊሽጣ፣
ከታይዋን የተሸመተ ብርድ ልብስ ይወጣል።
ነጋዴዋ ሆዳን ግን አንድም ነገር አትጥልም፤
አምስት ድሪያ ደራርባ ለብሳ
«ሰው አይመዘንም!»
ብላኝ ታልፋለች፣ ላቧን በሻርፕ ጫፍ አብሳ።

ይህ ሜዳ አሸዋና ግራር ነበር አሉ፣
ፍየል ሳይባረር አውሮፕላን አያርፍም ሲሉ።
ፍየል የሚያባርር፣ ደመወዝ ያለው ሰው ነበር፣
ፊሽካ ባንገቱ፣ የመንግሥት ቁምጣ በወገቡ፤
አባቴ ነበር።
ኋላ አስፋልቱ መጣ፤ ኋላም በጦርነቱ
ጄት ሲያጓራ ታሸገ የቤታችን መስኮቱ፤
አባቴም ፊሽካውን በምስማር ሰቀለ፣
«እነዚህን ፍየል አያቆማቸውም» አለ።
ከዚያ ማማ፣ ከዚያ መስታወት፣ ማራገቢያ፣
«ዓለም አቀፍ» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ ከመግቢያ —
አስቀድሞ ዓለም አቀፍ የሆነው ግን ጫቱ ነው፣
በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ
ከሁላችን በፊት ባሕር የተሻገረው።

አንድ ማለዳ አቶ ወርደፋ መጡ፣
የባቡር ጥገናው ፎርማን፣ ጡረታ የወጡ፤
ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት፣
ለቀዶ ሕክምና፣ ወደ አዲስ አበባ፣
የልጅ ልጅ በእጃቸው ይዘው።
ሻንጣው ሃያ አራት መዘነ።
ከሸሚዞቹ ሥር፣ በፎጣ የተጀቦነ፣
ስንዝር የምታህል ብረት አወጣሁ፤
ጫፏ በመጋዝ የተቆረጠ፣
ዝገቷ መዳፌ ላይ የቀረ።
«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»
«መንገድ ነው፤
ሌላው ሲነቀል እጄ ላይ የቀረው።»

«አራት ኪሎ ትርፍ አለዎት» ብላቸው
ሳቁ፤ ጥርስ የለሽ ነው ሳቃቸው።
«የልጄ ቤት አራት ኪሎ፣ ያንተም ትርፍ አራት ኪሎ፤
ታዲያ ምኑ ተረፈ? ልክ ነው በለኝ ቶሎ!»

ሕግ ሕግ ነው። ብረቷን ተቀበልኩ፤
«እስክመለስ አኑራት» አሉ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሚዛኑ ሲነሣ
በቅድሚያ የሚጫን ማንም የለም ከሷ።
አራት ካለ እውነት ነው፤ ቀኔን እጀምራለሁ።
አንድ ቀን አራት ከግማሽ አለ። ደነገጥኩ፤
ሳህኑን ገለበጥኩ።
የደቻቱ አሸዋ ሞልቶታል ከሥሩ።
ከሷ በፊት ስንት ዓመት፣ እንዲህ እየዋሸኝ፣
የስንቱን አማት ጊሽጣ በከንቱ አስጣለኝ?
ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ተመለሱ፣ አንድ ዓይናቸው በርቶ።
ብረቷን ስሰጣቸው አገላበጧት፤
እንደ ጥርስ ሐኪም ጫፏን ዳሰሷት።
ከዚያ በመስታወቱ አሻግረው
ማኮብኮቢያውን ብዙ ጊዜ አዩት።
«ያንተም መንገድ አጭር ነው፣ ካጥሩ እስካጥሩ፤
የቀረውን እንግዲህ ለነፋስ ነው ማደሩ።
ይቺ ትቆይ። ቤት ብወስዳት በር ማስደገፊያ ናት፣
እዚህ ግን ሰው ሁሉ ይሳፈርባት።»

ወጡ። ከበሩ ማዶ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ፣
ከባለ ባጃጁ ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ፦
«ለሻንጣው ደግሞ ይጨምሩ!»
«ኧረ ባክህ ልጄ፣
ዛሬ ቀሎልሃል፤ አራት ኪሎ አራግፌያለሁ!»