የዝምታ ልክ

ሳስካቱን፣ ጥር ወር፤ ከትምህርት ኮሌጅ
ሰዓት ቆጣሪ ነው የተሰጠን በእጅ።
«ከኋላ ተቀመጡ፤
ከጥያቄ እስከ መልስ ያለውን ዝምታ ለኩና አምጡ።»

«ሃምሳ ስድስት ለሰባት ሲካፈል?» አለች መምህሯ፤
ቶቢያስ ከንፈሩን ሲያላቅቅ ወደ ሌላ ዞረ ግንባሯ።
ሠንጠረዤ ላይ ጻፍኩ፦ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፤
ተከፍቶ ለተዘጋ አፍ ግን ዓምድ የለኝ።

በሳምንቱ ተራው የእኔ ሆነ፤ ያንኑ ልጅ ጠየቅሁት፤
መልሱ ከጥርሴ ሊያመልጥ ሲል ነከስኩት።
በመስኮቱ ማዶ በረዶ ጠራጊው መኪና
መጣ፣ አለፈ፣ ራቀ። ቶቢያስ አንገቱን አቀና፤
«ቆይ» አለኝ፣ «እያሰብኩ ነው ገና።»

ስንት እንደ ፈጀ አልመዘገብኩም፤
ቆጣሪውን ኪሴ ከተትኩት እንጂ አላቆምኩም።
ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ይቆጥራል አሁንም።