አንቀጽ አሥራ አራት

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ መሐል፣
ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ መዝገቤ ይናገራል።
መቶ ሃያ ወንበር፣ ሁለት ድንኳን አለን፣ አንደኛው የተቀደደ፣
ሦስት ትልልቅ ድስት፣ አንዱ ለሠርግ ወጥቶ እንደወጣ የሄደ።
ሕጋችን አጭር ነው። አንቀጽ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦
«አስከሬን ከሌለ፣ ወይ ማኅተም ያለው ወረቀት፣ ክፍያው ይቆያል።»
እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በሰላሙ ጊዜ፣ አጭበርባሪ ፈርቼ፣
ጦርነት አስከሬን እንደማይመልስ ከየት አውቄ፣ ከየት ሰምቼ?

ያኔ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክደውም፤
ቴሌቪዥኑ «ተደመሰሰ» ሲል፣ ማን? ብዬ አልጠየቅሁም።
«ጠላት» የሚሉት ቃል እንደ ርካሽ ኖራ በላያችን ተለቅልቆ፣
የስንት እናት ልጅ ስም ከሥሩ ቀረ፣ ታፍኖ፣ ተደብቆ።

ኅዳር ላይ መርዶ መጣ፤ ብሎክ ሰማንያ ሁለት፣ ትርንጎን ሊነግሯት፤
ልጇ ይርሳው፣ በመለዮ የተነሳው ፎቶ ብቻ ቀረላት።
ወረቀትም ነበራት፣ ክብ ማኅተም ያለበት፣ በሁለት ተጣጥፎ፤
ከፈልናት። ድንኳን ተተከለ፤ ሦስት ቀን፣ ሰው ተሰልፎ።

ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣ ከእኔ በላይ፣ ለተብርሃን ትኖራለች።
ልጇ ክብሮም በወዲያኛው በኩል ነበር። ማን ነገራት፣ እንዴት ሰማች፣
አላውቅም። ስልክ የለም ያኔ፣ መንገድ የለም። እኔ የማውቀው፣
ሐሙስ ሐሙስ፣ ውሃ ሲመጣ፣ ቧንቧዋን ከፍታ የምትተወው፤
ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ደረጃውን ወርዶ ከበሬ ይደርሳል፣
ከውሃው ድምፅ በታች፣ ጆሮ ለሰጠ፣ ሌላ ድምፅ ይሰማል።
በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃ በመጣ ቀን ብቻ፣ እናት ታለቅሳለች፤
በቀረው ቀን ደረጃ ላይ ሲያገኟት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ጉባኤ ላይ አነሳሁት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሌባ፤
አንዱ ሳለ፣ አንዱ ስልኩን አወጣ፣ አንዱ ደጅ ወጥቶ ገባ።
«የይርሳውን ገዳይ እናልቅስለት?» አለ ገንዘብ ያዣችን፤
እኔም «ጉዳዩ ይቆይ» ብዬ መዘገብኩ፤ ዞርን ወደ ጠፋው ድስታችን።

ያኔ ጋሽ በዳዳ ተነሳ፣ ሊቀመንበራችን፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣
ብሎኩ ሳይበቅል እዚህ ጤፍ ያበቀለ ሰው፣ ሁለት በሬ ይዞ።
«ሬሳው የለም አላችሁ፤ ሐዘኑ ግን መጥቷል፣ ደረጃ ወጥቷል በእግሩ፤
ሕጉን የጻፍነው እኛ ነን፣ ከሰማይ አልወረደም፤ አምጡና ቀይሩ።
እኔም ሐዘን ነበረኝ፣ ይኼ ሁሉ ፎቅ ሲቆም ከነአጥሩ፤
ሬሳ አልነበረውም የኔም። አንድ ሰው አልመጣም፣ ከነወንበሩ።»

ድምፅ አልሰጠንም። ሄዶ ያቺን የተቀደደችውን ድንኳን ተሸከመ፣
በሁለቱ ብሎክ መሐል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ካስማ ሊመታ ቆመ።
መጀመሪያ ብቻውን። ኋላ ጥበቃው። ኋላ እኔ፣ አፍሬ፣
ወንበር አወረድኩ፤ ስድሳ፣ ሰባ፤ እንደ ልማዴ ቆጥሬ።

ሰው ሞላ ብዬ አልዋሽም። ግማሹ መጋረጃውን ዘጋ፤
ዘጠኝ አባል ከእድሩ ወጣ፣ አንዱ በደብዳቤ፣ ሌላው ሹልክ ብሎ፣ ሳይነጋ።
በሁለተኛው ቀን ትርንጎ መጣች። ለተብርሃንን አላቀፈቻትም፤
ተቀመጠች፣ በመሐላቸው አንድ ወንበር ትታ። ቃል አልተነፈሰችም።

ስለ መሪ የማውቀው ይኼን ነው፤ ሌላው ከእጄ ያለፈ ነገር፦
«ክተት» የሚል ሰው አስቀድሞ ስንት ወንበር እንደሚበቃ ይቁጠር።
ከድሉ ማግስት ይምጣና፣ ያለ አጃቢ፣ ያለ ካሜራ፣
በዚያች ባዶ ወንበር ይቀመጥ፣ እስኪመሽ፣ ሳያወራ።
ምክንያት ነበረው ይሉኛል። ይኑረው። ጦርነት ምክንያት አጥቶ አያውቅም፤
እኔ ግን ለስንቱ ቀብር መዋጮ ስሰበስብ፣ ምክንያት ቀብሬ አላውቅም።

በመዝገቤ አንድ ዓምድ አለ፣ «የሞት ምክንያት»፤ ሕመም፣ አደጋ፣ እርጅና፤
የይርሳውንና የክብሮምን ባዶ ተውኩት፤ አልሞላሁትም ገና።
በየወሩ ያ ገጽ ይገለጥብኛል፤ ጣቴን ልሼ አልፈዋለሁ።
ዛሬ ሐሙስ ነው። ውሃ መጥቷል።
የራሴን ቧንቧ ዘግቼ አዳምጣለሁ።