ከወንበር መነሣት

ራጁን ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ደቅና፣
በአጥንቶቼ መሐል ባቡሩ ሹልክ ብሎ ወደ ስታዲየም አለፈና፣
«ስብራት የለውም፤ ንጹሕ ነው» አለችኝ።
ይህንንማ ሦስት ሰው ነግሮኛል፤ አልደነቀኝ፣ ከፋኝ።
ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ለምን ይከዳኛል?
የታክሲ በር ስስብ ለምን ቀጭ ይላል?
ለምን ሃያ አራት መጽሐፍ ከክንዴ ላይ
እንደ ፈረሰ ካብ፣ ብሔራዊ ቴአትር በር፣ ሰው እያየ ይረግፋል?

አዟሪ ነኝ። ሱቄ ይህ ክንድ ነበር፤
ከሥር መዝገበ ቃላት፣ ከላይ የልጆች ተረት፣ መሐሉ የፍቅር።
«ደንብ መጣ!» ሲሉ በሐምሌ ጭቃ ሮጥሁ፣
መዳፌ ቀድሞኝ፣ ከነመጻሕፍቴ ወደቅሁ።
ወጌሻው ጋሽ ደግፌ ቅቤ ቀባ፣
ጎተተ፣ ጠመዘዘ፣ «ገባ!» አለ። እርግጥ ገባ።
የገባ ሁሉ ግን አይረጋም፤
ቤት ተከራይቶ የኖረ ይህን አያጣውም።

ዶክተር ዘቢባ ጤነኛውን ግራዬን አስቀድማ ነካች፣
«ልክህን ልወቀው» አለች።
ከዚያ ቀኙን አጠፍ አድርጋ ከብብቷ ሥር ቆለፈች፣
ወደ ውጭ ገፋች፤ ዝም። ወደ ውስጥ ገፋች።
አውራ ጣቴን ይዛ ሳበች፣ ላም እንደሚያልብ፤
«ስሙም ማለብ ነው» ብላ ሳቀች። ከእኔ ምን ሊታለብ!

በመጨረሻ ባለ መደገፊያ ወንበር አሳየችኝ።
«መዳፍህን ወደ ውጭ አዙር። በእጅህ ብቻ ተነሥ፤ እግርህን እርሳው» አለችኝ።
ተጫንሁ።
ግማሽ ድረስ ተነሣሁ።
አላመመኝም፣ እውነቴን ነው።
ግን አንድ ነገር፣ ከቆዳዬ ሥር፣ እንደ ላላ ኮብልስቶን ድንጋይ
ሊገለበጥ ሲቃጣው፣ ቀረሁ አየር ላይ።

«በቃ፣ ተቀመጥ። አገኘሁት።»
«ምኑን?»
«ፊትህን።
ጅማት ሲላላ መጀመሪያ የሚናገረው ፍርሃት ነው፤
ሕመም ኋላ ነው የሚደርሰው።»

ስምንት ወር «ያስመስላል» ስባል ከርሜ፣
ፈሪ መባል እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም በዕድሜዬ።

አሁን በግራዬ ተሸክሜ በአምባሳደር በኩል እዞራለሁ።
ግራ ጀማሪ ነው፤ የመሐሉን ሲጠይቁት የላዩን ያወጣል፣ እታገሠዋለሁ።
ቀኙ በድጋፍ ብረት ታስሮ ደረቴ ላይ ተኝቷል፤
ደንበኛ ርእስ በጠራ ቁጥር ግን
አንድ ጣቱ ይነሣል።