ሳንቲም

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ከሰኞ ገበያ ዝናብ ሸኝቶኝ፣
አንድ ጣቃ ቴትሮን፣ የተማሪ ሰማያዊ፣ ብብቴ ውስጥ ሞቆኝ፣
ቁልቁለቱ፣ ጭቃ ውስጥ ድንጋይ ደብቆ ጠበቀኝ።
ወለም አለኝ።
ጨርቁን ግን አልጣልኩም፤ የሰው ነዋ፤ ሽቅብ ይዤው
እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ምነው፣ እግሬ፣ ምነው?
ያውም ቀኙን! ፔዳሉን የሚረግጠውን፣
የሲንጀሩን ጎማ አዙሮ ቤቱን የሚያበላውን።

ሰፈሩ ባንዴ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ቅቤ ቀቡት" አለ፤
አንዷ የጨው ውሃ ጣደች፤ ሙሔ ወጌሻው እጅጌውን ሰብስቦ ደጃፍ ቆመ፣
"አንዴ ልሳበው፤ ቢስሚላህ ሳልጨርስ ይገባል" እያለ።
አውራ ጣቱን አየሁት፤ የመጥረቢያ እጀታ ያህላል፤
እግሬ ከሚያመኝ ይልቅ የሱ ሳቅ ያማል።

የእህቴ ልጅ ጦይባ፣ የነርስ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት፣
በሩን በትከሻዋ ገጥማ፣ "አይታሽም፣ አይሳብም፤ ሦስት ቀን በሙቅ አትንኩት፤
አጎቴ፣ እስቲ አራት እርምጃ ሂድ" አለች። ሄድኩ፣ እየተሳደብኩ።
አጥንቱን ከኋላ ጫን ጫን አርጋ፣ "እዚህስ?" ስትል፣ "ደህና ነው" አልኩ።
"አልተሰበረም፤ ጅማቱ ነው። በረዶ አምጡ።"

በረዶ! መብራት ከሄደ ሁለት ቀን አለፈው፤
ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ሥጋውን ዘልዝሎ ገመድ ላይ ነው የሰቀለው።
ፎጣ ነከርን በቧንቧ ውሃ፤ የደሴ ውሃ እንኳ ጥርስ ያስነክሳል።
አሥር ሰዓት ላይ ግን ጦሳ ጠቆረ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ መጀመሪያ ሽንብራ ያህላል፣
ኋላ ባቄላ።
ልጄ ሐናን ከደጅ በሳፋ አፍሳ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ እየሳቀች
"አባ፣ ከላይ ተልኮልሃል" አለች።
በፌስታል ቋጥረው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ሃያ ደቂቃ እግሬ ላይ አኖሩት፤
አልሃምዱሊላህ አልኩ ሲደነዝዝ፤ ወዲያው አፈርኩበት፤
ይህ የኔን እግር ያበረደ፣ ቦሩ ሜዳ የማንን አዝመራ አጭዶ መጣ?

ማሰሪያ አልጠፋም፤ ከማሽኑ ሥር የአቡጀዲ ቁራጭ ሞልቷል፤
በሰያፍ ቆረጥኩት፤ ጨርቅ በሰያፍ ሲሄድ እንደ ላስቲክ ይሳባል።
ጦይባ ይህን አታውቅም ኖሯል፤ ዝም ብላ አየችኝ፤ ኮራሁ።
ስምንት ቁጥር እያዞረች ስታስር፣ "አጠበቅሽው" አልኩ፤ ላላ፤ ተኛሁ፤
እግሬ ሦስት ትራስ ላይ እንደ ሹም ተጎለተ፣ እኔ ከታች ቀረሁ።

ሜትሬን ካንገቴ አውርጄ ለካሁት፤ ግራው ሃያ አራት ሳንቲም፣
ቀኙ ሃያ ስምንት ከግማሽ። ደብተሬ ላይ፣
ከደንበኞቼ ወገብና ትከሻ መሐል ጻፍኩት፤ ስም፦ እኔ። ቀብድ፦ ምንም።
የሚደርስበት ቀን፦

ከወዲያ ክፍል ሲንጀሩ ጮኸ። ሐናን ናት፤ ማዞሪያ ላይ አትቀንስም።
"ቀስ!" አልኩ በግድግዳው፤ ቀነሰች፤ ረሳችኝ፤ መስከረም ግን አይጠብቅም፤
ሠላሳ ስድስት ቀሚስ፣ አሥራ ዘጠኝ ሱሪ።
ሳምንት አኩርፋኝ የከረመችው እናቷ፣ ዘምዘም፣ ቁልፍ እየተከለች፣
ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ቀና ሳትል፣ "እግርህስ?" አለች።

ሃያ ሰባት። ሃያ ስድስት። ጥቁሩ ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጁ ቢጫ።
በአምስተኛው ቀን ጦይባ አየር ላይ ሀ ሁ አስጻፈችኝ፣ ባውራ ጣት፤
ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው፣ በእግሬ እስከ ፐ ደረስኩ፣ ሳልሳሳት።
በአሥራ ሁለተኛው ፔዳሉን ረገጥኩ። ሐናን ወንበሩን ለቀቀች፤
አልራቀችም ግን፤ ከትከሻዬ ኋላ ቆመች።
ስፌቷን ገልብጬ እንከን ፈለግሁ፤ አንድ አገኘሁ፤ ዝም አልኩ።

ጥቅምት ገባ፤ ሰማያዊ የለበሱ ልጆች በደጄ ያልፋሉ።
ሜትሩ ሃያ አምስት ላይ ቆመ፤ አንዲት ሳንቲም አልወርድ አለች፤
ሙሔ "ስቤያት ቢሆን!" እያለ ያልፋል፤ ጦይባ "ጊዜ ስጣት" አለች።
እኔ ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስሰፋ፣ ከታች ሳልቆርጥ የማጥፈው ጨርቅ አለ፤
ከርሞ ቁመቱ ሲመዘዝ እናቱ የምትፈታው፣ ዛሬ ካይን የተከለለ፤
ያችን ሳንቲም እንደዚያ ወደ ውስጥ አጥፌ ያዝኳት፤
ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻ፣ ጦሳ ሳይጠቁር፣
"ልብስ አስገቡ" ታሰኘኛለች፣ በውድቅት።