ደጅ ላይ ማሳል

ጠባሴ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ውርጩ መስኮቱን ሲልስ
እግሬን በመንዝ ባና ጠቅልዬ፣ እስኪነጋ ድረስ
ባሕር አሰላለሁ።
አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ውኃ በሬሳ ነው፣
ክረምት ድልድይ የሚታገል፣ በጋ ጠጠሩን የምንቆጥረው።

የላኩልኝ ቁጥር ነው፦ ጥልቀቱ ሠላሳ ሁለት ሜትር፣
ወለሉ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ጠጠር።
ምሶሶው ብረት፤ ሆዱ አንድ ጎጆ ከነምድጃው ያስገባል፤
አናቱ ላይ ንፋስ የሚያርስ ክንፍ ሊቆም፣ አስቀድሞ ይመታል፤
ሦስት ሺህ ጊዜ ይመታል።
የእኔ እንጀራ ይህቺ ጥያቄ ናት፦ ምቱ እስከ የት ይሰማል?

ውኃ ለድምፅ ሰጋር በቅሎ ነው፤ ከአየር አራት እጥፍ ያስኬደዋል፤
ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር አራት ተኩል ዴሲቤል ብቻ ይጥላል፤
አሸዋው ጥቂት ይውጣል፣ ማዕበሉ ጥቂት ይበትናል፤
የቀረው ሄዶ ሄዶ ከአንዲት ጆሮ ይደርሳል።

ባለ ጆሮዋ ሙክት የምታክል ዓሣ ነባሪ ናት፤ ፎቶዋን አይቻለሁ፤
የሚያስቃት ነገር ያለ ይመስላል። ስታድን በጆሮዋ፣
ስትዞር በጆሮዋ፣ በጨለማው ግልገሏን ስትፈልግ በጆሮዋ፤
ለእሷ መደንቆር ዓይን ማጣት ነው፣ ጦም ማደር ነው፣ ልጅ መቅበር ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከምሶሶው ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ
ከመቶ ስልሳ እንዳይበልጥ። የእኔ ስሌት ቆሟል አሥራ አንድ ከዚያ በላይ።
እንግዲህ ቱቦ በስቼ በባሕሩ ወለል ዙሪያውን አጥራለሁ፤
አየር እነፋበታለሁ፤ የአረፋ መጋረጃ ወደ ላይ እዘረጋለሁ።
ድምፅ አረፋ ሲነካ ይንገዳገዳል፣
ባና ውስጥ እንደታፈነ ሳል ይሆናል።

ሌላም መላ አለ፤ ከሁሉ የምወደው፣ ከሁሉም የማፍርበት፦
መዶሻው ሲጀምር በሙሉ ጉልበቱ አይደለም።
ኳ። ይቆያል። ኳ።
ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚያስል እንግዳ፦ «ቤቶች! እንዴት አመሻችሁ?
መግባቴ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ራቁ።»
ጨዋ ነው። አስሎ ነው ባለቤቱን የሚያስወጣው።

ይህን ስጽፍ በግድግዳው ማዶ አባቴ ተገላበጠ።
ወንድይፍራው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣርማበር ላይ ቋጥኝ የፈለጠ፣
ኮምፕሬሰሩን በደረቱ ደግፎ፣
በጆሮው ከእናቴ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ጠቅጥቆ።
ለእሱ ያሳለለት የለም።
ዛሬ ሬዲዮ ሲከፍት ጎረቤት ይነቃል፤ ስሜን ሲጠራ
የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው፣ የተጣላኝ ይመስላል።

ባለፈው «ምንድን ነው ሥራሽ?» ሲለኝ በወረቀት ጻፍኩለት፦
«ለባሕር እንስሳ ጆሮ እጠነቀቃለሁ።»
ሳቀ፣ ትከሻው እስኪነቀነቅ። «ደመወዝም አለው?»
ከዚያ ዝም። እርሳሱን ከእጄ ወሰደ፤
ፊደሉን አንድ በአንድ እየተከለ፦
«ደህናው ስንት ሜትር ላይ ነው?»
ቁጥሩን ነገርኩት።
እጁን ዘርግቶ፣ ከጆሮው እስከ ጣቱ ጫፍ አሳየኝ።

አሁን ልኬቱ ከባሕሩ መጣ፦ መቶ ስልሳ ሦስት።
«ሦስት ብቻ» ይላል ደብዳቤው። ሦስት ማለት እጥፍ ነው፤
ብርቱ ሁለት መዶሻ ባንድ ጊዜ እንደማለት።
የተሳሳትኩት ጭቃው ላይ ነው፤ ካሰብኩት ጠንክሮ ነበር፤
ሁለተኛ ቀለበት እጨምራለሁ ከመጀመሪያው ውጭ ዞሮ፣
እንደገና

መብራት ጠፋ።
ሻማው አባቴ ክፍል ነው። በር ማንኳኳት ለእሱ ከንቱ፤
በእግሩ ነው የሚሰማው፣ በጣውላው በኩል፣ በአልጋው ብረት።
ድንገት ብረግጥ ይደነግጣል፣ ቋጥኝ የተናደ ይመስለዋል።
ስለዚህ ተረከዜን አንስቼ፣ በስሱ፦
ኳ።
ቆየሁ።
ኳ።

«ግቢ!» አለ፣ ጠባሴ ሁሉ እስኪሰማው።