ጭረት

በቀን ዘጠኝ ዩሮ፤ ኦታቪዮ ቶሪኖ ሳለ ያያት ዋጋ ይህች ነበረች፤
ትራፓኒ ሲወርድ ዘጠኟ ወልዳ ከብዳ ጠበቀች።
የአውሮፕላን ጣቢያው ድርሻ፤ ነዳጁን ሞልተው ወስደው ሞልተው ይመልሱ፤
የምሽት ሠላሳ አለ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ከደረሱ።

ኑንፂያ ከመስኮቷ፣ ጥፍሯ ቀይ፣ ድምጿ ዝሏል፤
«መድን ልጨምር? በቀን አሥራ ስምንት፤ ሁሉን ይሸፍናል።
ጎማው ሲቀር። መስታወቱ ሲቀር። የመኪናው ሆድ ሲቀር።»
አቤት ሁሉን ማለት!
ሲቀር፣ ሲቀር፣ ሲቀር።

«ካልሆነ ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ ካርድዎ ላይ ይታሰራል፤
መኪናው እንደ ሄደ ከገባ፣ በሁለት ሳምንት ይፈታል።»
«እሰሩት» አለ ኦታቪዮ፤ «አርባ ዓመት ሙሉ ነድቼ፣
ለአራት ቀን ዋስ ልጥራ እንዴ፣ በተወለድኩበት ገብቼ?»

የመጣው ቤት ሊሸጥ ነው፤ ሳሌሚ፣ ለበቅሎ በተለካ ጠባብ መንገድ፣
አባቱ አንድ ክንድ ገፍቶ ያቆመው ግንብ፣
ጎረቤት ሁሉ የረገመው፣ አሁንም ቆሟል እንደ ግንድ።
ውሉን ፈርሞ ሲመለስ፣ ግንቡም በተራው ፈረመ፤
ከፊተኛው በር እስከ ኋላው መብራት አንድ መስመር አጋደመ።

ኑንፂያ በባትሪ ዞረች፤ ጎንበስ አለች፤ በጠመኔ ከበበችው።
«አራት መቶ ሠላሳ።» ከታሰረው ላይ ቆረጠችው።
«ምን ነካው?»
«ዘመድ» አላት፤ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣
ነጭ የድንጋይ ዱቄት ያዘው፤
አውሮፕላን ገባ ሳያብሰው።