ጎሽ

ሽብሩ ከዊኒፔግ መጣ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አንግቶ፣
ልጆቹ ኋላ ተኝተው፣ የእሱ ዓይን በርበሬ መስሎ ቀልቶ።
ስምንት ዓመት ሆኖናል። ጠጉሩ ከፊት ሳስቷል፤
የእኔም ቦርጭ ቀድሞኝ ደርሶ በሩን ከፍቶለታል።
«ወፈርክ» አለኝ። «ሸበትክ» አልኩት።
ወሬያችንን ቀጠልን፣ ካቋረጥንበት።

ከኤድመንተን ኤልክ አይላንድ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢሆን፣
በሁለት መኪና ወጥተን፣ ናርዶስ ሦስቴ አስመለሰችን፦
አንዴ ለጨው፣ አንዴ ለክብሪት፣ አንዴ በሩን ቆልፈን እንደሆን።

የፓርኩ ሠራተኛ በመስኮት ወረቀት ሰጠችን፦
«ከመኪና የወረደ ከአውሬው መቶ ሜትር ይራቅ።»
ሽብሩ አጠገቤ ተቀምጦ አነበበው፣ ሳይስቅ።

«ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለች ልጁ ኬብሮን፣
ሥዕሉን በጣቷ እየነካች።
«ጎሽ» አልኳት።
«ጎሽ? ምን ሠርቶ ነው?» አለች።
ቃሉን የምታውቀው ሳህኗን ስትጨርስ ነው፣ ከእናቷ አፍ እየሰማች።

ሐይቁ ዳር ትንኙ ተቀበለን፣ እንደ ናፈቀ ዘመድ፣
ጉንጫችንን እያገላበጠ፣ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ሲወርድ።
ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ሽብሩ ጠጠር ወተፈበት፤
ወይንሸት ሰላጣ ከተፈች፤ ልጆቹ ውሃውን አደፈረሱት።
እኔ ከሰሉን አያያዝኩ። ጎድኑን ብረቱ ላይ ስዘረጋ
ሽብሩ ወንበሩን ወደ ሐይቁ አዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዋዛ።
ጾም አይደለም። ከብሩክስ ወዲህ ሥጋ አይበላም፤
ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አያወራም።

ብሩክስ፣ ቄራው ውስጥ፣ ክርን ለክርን ሰባት ዓመት፣
እሱ ትከሻ፣ እኔ ጎድን፣
ነጭ ቆብ፣ ነጭ ጋውን፣ የብረት ጓንት፤
ጆሯችን በቡሽ ተደፍኖ ቀልዱ እንኳ በቅንድብ ነበር፣
ከብቱ በሰንሰለት ተሰቅሎ ሲመጣ፣ ሲመጣ፣ ሲመጣ፣ ሳያባራ ሲሻገር።
ቢላው ሲዶለዱም ሞረድ አለ፤
ጣት ሲዶለዱም ሰው ዝም አለ።
አለቃው የሚያየው ሰዓት ነበር፣ ፊት አይደለም፤
በሰባት ዓመት አንድ ቀን፣ በማንም ቋንቋ፣
«ጎሽ» ያለን የለም።

ወይንሸት የዳጣ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም።
ለሽብሩ አቀበልኩት፤ እሱም ታገለው፤ አልሆነም።
ሁለታችንም መዳፋችንን አየን።
ኬብሮን ከውሃው መጥታ፣ በእርጥብ እጇ፣ ጠቅ! አድርጋ ከፈተችልን።
ሁሉም ሳቀ።
እኛም ሳቅን፣ ትንሽ ዘግይተን።

ማምሻውን ስንመለስ፣ መታጠፊያው ላይ፣ መሃል አስፋልት፣
ቆሟል።
ሞተሩን አጠፋሁት።
ግንባሩ በር ያህላል፤ ጢሙ ላይ ጭቃና ሣር ተንጠልጥሏል፤
ዝንቡ ጀርባው ላይ ይርመሰመሳል፤ እሱ አይቸኩልም፤
ማንም ሰዓት አይዝበትም።
መጣ፣ በሽብሩ መስኮት በኩል፣
ትከሻው መስታወቱን እስኪሞላ።
ሽብሩ ያን ትከሻ ያውቀዋል፦
ጅማቱ የት እንደሚላቀቅ፣ በየት እንደሚገባ ቢላ።
አሁን ግን አጥንቱ ከቆዳው ሥር ሲንሸራተት፣
ሲነሳ፣ ሲረግጥ፣ ደግሞ ሲነሳ፣
ዝም ብሎ አየው፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፤
መስታወቱም ጉም ለበሰ፣
ከውስጥ ይሁን ከውጭ ትንፋሹ፣ አልለየሁትም።

«ጎሽ» አለ ሽብሩ፣ በሹክሹክታ።
ኬብሮን ከኋላ ወንበር፦ «ምን ሠርቶ ነው?»
«ሄደ» አላት። «በእግሩ ሄደ።»

ስልኬ ጮኸ። ናርዶስ ናት፣ ከኋላችን ካለው መኪና፦
«ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ረስተነዋል።
እንመለስ?»

ተመለስን።